ብድግ ያለው ስልክ ጠጋኝ

አንድ ሰው ነበረ። ስልክ ጠጋኝ ነበረ።

ጥያቄሽን ሰምቻለሁ፣ አመለወርቅ፤ አታቋርጪኝ። «መምህር፣ የሟች እህቴን ልጅ ከገጠር አምጥቻታለሁ፤ የድሮ ቤቷን ረስታ የእኔ ልጅ እንድትሆን ምን ላድርግ?» ነው ያልሽኝ። ስሟንም ባንቻየሁ መባሉን አስቀርተሽ ሜላት ልትያት ቆርጠሻል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ልጅ ጠይቀሽኝ ስለ መኪና ልነግርሽ ነው፤ ምን ላድርግ፣ የማውቀው እሱን ነው። ተቀመጪና ስሚ።

ሰውየው የሚኖረው በአንድ ከተማ ዳር፣ ታክሲ ከማይደርስበት ሰፈር ነው። አብረውት የሚኖሩት እናቱ ብቻ ነበሩ። እናትየው ኩላሊታቸው ደክሞ፣ በየጥቂት ቀኑ ከተማ መሃል ወዳለው ሆስፒታል እየሄዱ ደማቸውን በማሽን ያሳጥባሉ። አንዱ ቀጠሮ ቢያልፍ እግራቸው ያብጣል፤ ሌላው ቢጨመርበት መተንፈስ ይከብዳቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እዚያ ቤት ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም። ሰውየው ለዚሁ ብሎ ያገለገለች ትንሽ መኪና ገዛ። የፊተኛውን ወንበር ወደ ኋላ አስተኝቶ፣ ትራስ አድርጎበት፣ እናቱን ማለዳ ያደርሳል፣ ከሰዓት ይመልሳል። ሌላው ሰው መኪና የሚገዛው ሰርግ ሊሄድበት ነው፤ እሱ የገዛው የእናቱን ዕድሜ ሊያስቀጥልበት ነበር።

ታዲያ ይህች መኪና ማርሽ በቀየረች ቁጥር እየናጠች መምታት ጀመረች። ስትመታ እናትየው «ዋይ!» ይላሉ። እሱ ደግሞ እናቱ ዋይ ባሉ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። ጋራዥ ወሰዳት፤ የካምቢዮውን ዘይት ቀየሩለት፣ አልተሻላትም። በመጨረሻ አንድ መካኒክ መመርመሪያ ሰክቶ አያትና «ካምቢዮዋ ደህና ነው። ኮምፒውተሯ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው፤ አዲስ መጫን አለበት። እዚህ ተዋትና በሚቀጥለው ሳምንት እናያታለን፤ ወረፋ አለ» አለው።

በሚቀጥለው ሳምንት! የእናቱ ደም የጋራዥ ወረፋ አይጠብቅም። መኪናዋን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

የዛሬ መኪና እንደኛ ዘመን መኪና በብረትና በዘይት ብቻ አትሄድም፣ ልጄ። ውስጧ በመዳፍ የምትያዝ አንዲት የብረት ሣጥን አለች። ነዳጅ መቼ እንደሚረጭ፣ ማርሽ መቼ እንደሚቀየር የምታዘው እሷ ናት፤ ከሌላው ክፍል ሁሉ ጋር በሽቦ እየተነጋገረች ትኖራለች። ውስጧ የተጻፈውን ፍቀሽ ሌላ ልትጽፊባት ትችያለሽ። ሰውየው ይህን ያውቃል፤ የስልክን ፕሮግራም ፍቆ ሌላ መጫን የዕለት እንጀራው ነውና። «መኪና ማለት ያው ትልቅ ስልክ ናት» አለ። ግማሽ እውነት ነው። ሰው ገደል የሚገባው ብዙ ጊዜ በግማሽ እውነት ነው፤ ሙሉ ውሸቱንማ ማንም ያውቀዋል።

ችኩል ሰው እንዳይመስልሽ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ያውቃል። የመኪናዋን የሻንሲ ቁጥር ከአዲሱ ፕሮግራም ጋር አመሳከረ፤ አንድ ፋብሪካ የወለዳት እህቷ እንኳ የምትለብሰው ለእሷ ላይሆን ይችላልና። ባትሪዋ መሃል ላይ እንዳይደክም ቻርጀር ከግድግዳ ስቦ አሰረላት። መብራቷን፣ ሬዲዮኗን፣ ማራገቢያዋን አጠፋ። ከእሱ ጋር በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀመውን በያጅ ጎረቤቱን ደግሞ «ወንድሜ፣ ዛሬ ከሰዓት አትበይድ፤ አንተ ስትበይድ የኔ አምፖል ይጨፍናል» ብሎ ለመነው። በያጁም እሺ አለው።

ከሁሉ በፊት ግን አሮጌውን ፕሮግራም ቀድቶ አስቀመጠ። ይህን ከሥራው ነው የተማረው። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት የተበላሸ ስልክ አምጥታለት፣ ውስጡን ሳያስቀምጥ ፍቆ አዲስ ጫነላት። ስልኩ እንደ አዲስ ሠራ። ሴትዮዋ ተቀብላ ከፈተችው፣ ነካካችው፣ ደግማ ነካካችውና ባንኮኒው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። የሞተ ባሏ ድምፅ እዚያ ውስጥ ነበረ። «እንደተበላሸ በቀረልኝ» አለችው። ከዚያ ወዲህ የማንንም ዕቃ ሳይቀዳ አይፍቅም፤ የመኪናም ቢሆን።

አሁን እዚህ ላይ ጆሮሽን ስጪኝ። አዲሱ የሚጻፈው አሮጌው ተፍቆ ነው። አሮጌው ከተፋቀበት አዲሱ ተጽፎ እስኪያልቅ ድረስ መሃል ላይ አንድ ጊዜ አለ። ሻይ የሚያስጠጣ ያህል ጊዜ ነው፤ ረጅም አይደለም። በዚያ ጊዜ ውስጥ መኪናዪቱ የድሮዋም አይደለች፣ አዲሲቷም አይደለች። መሄድ አታውቅም፣ መቆም አታውቅም። ከውጭ የሚመጣላትን እየጠበቀች ዝም ብላ ትቀመጣለች። ያን ጊዜ ገመዷ ቢነቀል፣ ጉልበቷ ቢጎድል፣ እንደዚያው ባዶዋን ትቀራለች። እኔ በማስተምርበት ዘመን «መሃል ላይ ያለን ነገር አትነካኩ» እያልኩ ስጮህ ተማሪዎቼ ይስቁብኝ ነበር። አንቺም ልትስቂ ነው መሰለኝ፤ ሳቂ፣ ግን ያዢልኝ።

ቀኑ እሑድ ነበር። የእናቱ ቀጠሮ በማግስቱ ማለዳ ነው። ሰውየው ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ ገመዱን ከመሪው ሥር ካለው መሰኪያ ላይ ሰካ። ሙቀት ስለነበረ የመኪናዋን በር ከፍቶታል። የግቢው በር እንኳ መቼም፣ ቤት ውስጥ በሽተኛ ሲኖር አይዘጋም፤ ጠያቂ ይመጣላ። ማዘዣውን ነካ። አሮጌው ተፋቀ። አዲሱ መጻፍ ጀመረ። ሰውየው ስክሪኑን ያያል።

ይህን ጊዜ አንድ አዛውንት በከዘራቸው ተደግፈው በግቢው በር ገቡ። የሟች አባቱ ባልንጀራ ናቸው፤ ሲወለድ የታቀፉት፣ አባቱ ሲሞት አጠገቡ የቆሙለት። እናቱን ሊጠይቁ ነው የመጡት።

ከዚያ ምን እንዳደረገ ልንገርሽ? አንቺም ብትሆኚ ታደርጊዋለሽ፣ እኔም ብሆን አደርገዋለሁ። ሳያስብ፣ እናቱ ከልጅነቱ ጀምረው እንዳስለመዱት፣ «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ።

ላፕቶፑ ከጉልበቱ ላይ ወደቀ። ገመዱ ተነቀለ።

አዛውንቱም እንደ ወጉ «በእግዜር!» አሉት። በእሱ «ኖር» እና በእርሳቸው «በእግዜር» መሃል መኪናዪቱ ሞተች።

ሰውየው ቁልፉን አዞረ። ምንም። ደግሞ አዞረ። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት መብራት እንኳ እንደ ወትሮዋ አልመጣችም። አዛውንቱ ጠጋ ብለው «ምነው ልጄ፣ ፊትህ አመድ መሰለ?» አሉት።

«ምንም አይደል አባባ፤ ይግቡ፣ እማዬ አለች።»

እናትየው ከውስጥ ድምፁን ሰምተው «መኪናዋን አበጀሃት?» አሉ።

«እየተበጀች ነው እማዬ» አለና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ስለ ነገ ማለዳ አሰበ። እስከ አስፋልቱ ድረስ እናቱን በጀርባው ሊያዝል ይችላል። አስፋልቱ ላይ ደርሶ መኪና ባያገኝስ? በማለዳ ማን ይቆምለታል? ወንድ ልጅ ነውና አላለቀሰም እንዳልልሽ፣ ዓይኑን በክንዱ ሲጠርግ አዛውንቱ አይተውታል።

አዛውንቱ ቤት አልገቡም። ከዘራቸውን ተክለው እስኪነግራቸው ጠበቁት፤ ነገራቸው። «እንግዲያ የገደልኳት እኔ ነኛ» አሉ።

«ኧረ አባባ! እርስዎ ምን አደረጉ? ብድግ ያልኩት እኔ ነኝ።»

አዛውንቱ መኪናዋን ዞር ብለው አዩዋትና እንደ ሕፃን የዋህ ጥያቄ ጠየቁ። «ምንም የሚሰማ ነገር አልቀራትም?»

ሰውየው ቀና አለ። ድንጋጤው ሸፍኖበት እንጂ ያውቀው ነበር። እንዲህ ያለች ሣጥን ከሥሯ አንዲት ጠባብ ቦታ አለቻት። ፋብሪካ ላይ ተጽፋ ትመጣለች፤ ሌላው ሁሉ ሲፋቅ እሷ እንድትተርፍ ተብላ የተተወች ናት። ያቺ ቦታ ስለ ነዳጅ አታውቅም፣ ስለ ማርሽ አታውቅም። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በራሷ መጠሪያ ሲጠሯት «አቤት» ማለት። አቤት ካለች ሌላው ሁሉ ተመልሶ ሊጻፍባት ይችላል። እሷን የጎዳ ሰው ግን ሣጥኗን አውጥቶ ቢጥል ይሻለዋል።

ከቤት ጠንካራ ጠረጴዛ አወጣና ከመኪናዋ በር አጠገብ አቆመው። ጥጉ የተሰነጠቀውን ላፕቶፕ እላዩ ላይ አስቀመጠ፤ ገመዱን መለሰ፤ ባትሪዋ ላይ ያለውን ቻርጀር ፈተሸ። ጠራት። ዝም። ገመዱን አጥብቆ ጠራት። ዝም። ቁልፉን አጠፋ፣ ትንሽ አሳረፋት፣ አበራና እንደገና ጠራት።

አቤት አለች።

እጁ መጀመሪያ የሄደው ወደ አዲሱ ፕሮግራም ነበር። ሰው እንደዚያ ነው፤ ከወደቀበት ሳይነሳ ሩጫ ያምረዋል። ከዚያ እጁን መለሰ። «ነገ እናቴን የሚያደርሳት እኔ የማውቀው ነው» አለና ቀድቶ ያስቀመጠውን አሮጌውን፣ ያንኑ የሚመታውን፣ ከፈተ። አዛውንቱን ደግሞ «አባባ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። እንደገና መሃል ላይ ልገባ ነው» አላቸው።

አዛውንቱ ገባቸው። ሄደው የግቢውን በር ገጠሙና ከውጭ በኩል ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። እሑድ ነውና ጠያቂው አልቀረም፤ የመጣውን ሁሉ «ቆዩ፣ አሁን አይገባም፤ ውስጥ ሥራ አለ» እያሉ አቆሙት። የሰፈሩ ሰው ጉድ አለ። ከሰፈሩ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሰው እንደ ዘበኛ በር ላይ ሲቆሙ፣ ታናሹ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል! አንድ ጊዜ አዛውንቱ እንዴት እንደሆነ ሊያዩ ብቅ ሲሉ ሰውየው በልማዱ ሊነሳ እግሩን ሰበሰበ፤ እሳቸው በከዘራቸው ጫፍ ትከሻውን ነካ አደረጉት። «ተቀመጥ! ዛሬ የምታከብረኝ ተቀምጠህ ነው።»

ተጽፎ አለቀ። ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ተነሳ።

በማግስቱ ማለዳ እናቱን ይዞ ሲወጣ መኪናዪቱ አስፋልቱ ጋ ሳትደርስ መታች። እናትየው «ዋይ! አልተበጀችማ!» አሉ።

«ገና ናት እማዬ።»

«ትምታ ግዴለም፤ ትሂድልኝ እንጂ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ቀን ደማቸው ታጠበ።

አዲሱስ? አዲሱንማ ቀጠሮ በሌለበት ቀን፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በሩ ተገጥሞ ጫነላት። በር ላይ ማን እንደቆመ አልነግርሽም፤ ራሳቸው ካልቆምኩ ብለው መጥተው ነው። ዛሬ አትመታም ይላሉ። አሮጌውን ግን አልጣለውም። አስቀምጦታል።

እንግዲህ አመለወርቅ፣ ወደ አንቺ ልመለስ።

ስለ ልጅቷ ስትነግሪኝ «ብትጠራ አትመልስም፣ ስትበላ ግድግዳ ታያለች፣ ግትር ናት» አልሽኝ። ምን ግትርነት አላት? መሃል ላይ ናት። የእናቷ ቤት ተፋቀባት፤ የአንቺ ቤት ገና አልተጻፈባትም። እንደዚያች መኪና ከውጭ የሚመጣላትን እየጠበቀች ነው ዝም የምትለው። አንቺ ደግሞ ደግ ሴት ነሽ፤ ክፋት እንደሌለብሽ የሰፈሩ ሰው ይመሰክራል፣ እኔም እመሰክራለሁ። ያም ሰውዬ ክፉ ስለሆነ አልነበረም ብድግ ያለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጅቷን ከተቀመጠችበት አስነስተሽ «ነይ ሳሚ፣ አዲሱን ስምሽን ንገሪ» ትያታለሽ። ወግሽን ልታሳዪ ነው፤ እኔ ሳየው ግን ገመዱ ሲነቀል ነው የሚታየኝ። ለጊዜው በርሽን ግጠሚላት። እንግዳው ይቆይ፤ የሚቀየም ካለ ወደ እኔ ላኪው፣ ከዘራ አላጣም።

የመጣችበትን ቀሚስ ደግሞ የወለል መወልወያ እንዳደረግሽው ነግረሽኛል። እናቷ የሰፋችላትን ቀሚስ፣ ልጄ! አንቺ ያረጀ ጨርቅ ነው የታየሽ። እሷ ወለሉ በተወለወለ ቁጥር የምታየውን ግን እኔ ላስበው አልችልም። ተርፎ ከሆነ እጠቢውና አስቀምጪላት። የአንቺ ቤት እንዴት እንደሚኖርበት ገና አታውቅም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚያስኬዳት ያ የሚመታው፣ ያ የገጠሩ፣ የእናቷ ነው። ትምታ፤ ትሂድልሽ እንጂ።

ስሙን ግን ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉም ስለሚከብደኝ ነው። ባንቻየሁ ያለቻት እህትሽ ናት። ሜላት ልትያት የፈለግሽው ስሙ የገጠር ስለሆነ ነው አልሽኝ፤ አላመንኩሽም። ያንን ስም ስትጠሪ የእህትሽ ድምፅ ነው የሚመጣብሽ፤ ከአፍሽ አልወጣ ያለው ለዚያ ነው። አየሽ፣ አሁንም ልትይው ሞክረሽ አልወጣልሽም። አልቅሺ፣ አልቅሺ፤ እኔ ምንም አላይም፣ ዓይኔ እንደሆነ ደክሟል።

አንድ ቀን አድጋ ራሷ ሜላት መባልን ትወድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ትባል። አሁን ግን ሁሉ ነገር ተፍቆባት የቀረቻት ያቺ አቤት የምትልባት ቦታ ብቻ ናት። እሷን ከነካሽባት ሌላውን ሁሉ በምን ትጽፊባታለሽ?

ስትመጪ ልጅቷን በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጠሽ «እዚህ ጠብቂኝ» ስትያት ሰምቻለሁ። በይ ተነሺ፤ ለእኔ ስትይ ግን አይደለም። ውጪና ጥሪያት። መጀመሪያ ዝም ትልሽ ይሆናል፤ እንደገና ጥሪያት። ባንቻየሁ በያት፣ እህትሽ እንደምትላት አድርገሽ። እኔ እዚሁ ተቀምጬ አቤት ስትል እሰማለሁ።